እትዬ ብዙነሽ ቤት የገጠምኩት ሆም ቲያትር

ባለፈው ዓመት ጉልበቴ በቃኝ አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ሥራዬ ሆም ቲያትር መግጠም ነበር። ወንበር ላይ ወጥቶ ስፒከር መስቀል፣ ከቡፌ ጀርባ ተንበርክኮ የገመድ ጫፍ መፈለግ፣ ተነስቶ ማዳመጥ፣ ደግሞ መንበርከክ። ዘመኔን ሙሉ በሰው ሳሎን ስሰግድ የኖርኩ ይመስለኛል። ዕቃውም ተለውጧል። ዛሬ ከቴሌቪዥኑ ሥር ዱላ የመሰለ አንድ ስፒከር ያስቀምጡና ያለ ገመድ ያገናኙታል፤ አለቀ። ልጄ «እማዬ፣ በጊዜሽ ወጣሽ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ቅሬታ ግን የለኝም። ከሳሪስ እስከ አቃቂ ያልገባሁበት ሳሎን ጥቂት ነው፤ በገባሁበት ሁሉ «ቁጭ በይ፣ እህል ቅመሽ» ተብያለሁ። ሰው ቤት ተጠርቶ ገብቶ፣ ቤተሰቡን አስደስቶ፣ ተመርቆ መውጣት ለሁሉም ሠራተኛ አይሰጥም። ለኔ ተሰጥቶኛል።

ሪሲቨር ሲባል እኛ ሰፈር ሰው የሚያስበው የዲሹን ሳጥን ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላው፣ ስለ ትልቁና ስለ ከባዱ፣ ጀርባው በቀዳዳ ስለተሞላው ዕቃ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ የዲሹ ሳጥንም፣ ዲቪዲውም ወደ እሱ ይገባሉ፤ ከእሱ ደግሞ ድምፁ ተከፋፍሎ ወደ አምስት ስፒከርና ወደ አንድ ቤዝ ይወጣል። ሰዉ አምፕሊፋየር ይለዋል፣ እኔም እንደሰው አምፕሊፋየር ልበለው። ሲያዩት ያስፈራል። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቀዳዳ ተደርድሮ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ፈሶበት። «ይሄን ሁሉ ታውቂዋለሽ?» ይሉኛል የቤቱ ሰዎች። አላውቀውም ነበር፤ ያሳወቁኝ ሰው አሉ።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ሳሪስ፣ ቴፕና ዴክ የሚጠግን ሰው ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ስሙን ትቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጠው። ይሄ ሰው ዕቃ ሲከፍት ጀርባውን ሰጥቶን ነበር የሚሠራው፤ ሙያውን በዓይናችን እንዳንሰርቀው። የኔ ድርሻ ሱቁን መጥረግ፣ ሻይ ማዘዝና ደንበኛ ሲመጣ «ነገ ይደርሳል» ማለት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ቤት የተማርኩት «ነገ» ማለትን ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ቴፗን ለማውጣት ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣች እንጃ፣ ዓይኗን አይቼ «ነገ» ማለት አቃተኝ። «እናቴ፣ ገና አልተከፈተም» አልኳት። በዚያው ቀን ተባረርኩ።

ቀጥሎ ቃሊቲ፣ ጋሽ ከድር ሱቅ ገባሁ። ጋሽ ከድር ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ በሱቅ በደረቴ ማስቲካና ድንጋይ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ማለቴ ነው፣ እየሸጡ ያደጉ ሰው ናቸው። ኋላ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከፈቱ። እኔን የቀጠሩኝ ለሽያጭ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ጆንያ ሙሉ የተጠላለፈ ገመድ አውጥቼ፣ እየፈታሁ በዓይነት በዓይነቱ ስጠቀልል አዩኝና ቆመው ተመለከቱኝ። በማግስቱ ዕቃ ሊገጥሙ ሲወጡ «ሰናይት፣ ነይ» አሉኝ። ደሞዙ ብዙ አልነበረም፤ ግን አንድም ወር አልዘገየም። በየበሩ ስንደርስ ሰው እኔን አልፎ ወደ ኋላ እያየ «ባለሙያው የታለ?» ይላል። ጋሽ ከድር ካርቶኑን እንደ ተሸከሙ በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ። «ያቻትና፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ» ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ አፍር ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፤ ጭራሽ መጠበቅ ጀመርኩ።

እንደ ሳሪሱ ሰው ጀርባቸውን አይሰጡም። እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ፣ እያስደገሙ ነው የሚሠሩት። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ካርቶን ከመክፈታቸው በፊት የቤቱ ሰው ማታ ማታ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁና እዚያው ሄደው ይቀመጣሉ። «ስፒከር ለግድግዳ አይደለም የሚሰቀለው፣ ለሰው ጆሮ ነው» ይላሉ። የስፒከር ሽቦ ሲላጥ አንዲት የመዳብ ክር እንኳ እንድታፈነግጥ አይፈቅዱም፤ ከጎረቤቷ ከተነካካች አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ሽቦውን በጣት ጠምዝዞ ጠምዝዞ አንድ ማድረግ ነው። በጥርስ የሚልጥ ሰው ካዩ ይቆጣሉ። የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ሲጠፋ የሬዲዮ ድንጋይ አምጥተው ሁለቱን ጫፍ ለቅጽበት ያስነኩታል። የስፒከሩ ሸራ ወደ ፊት ገፋ ካለ ቀዩ ከድንጋዩ ራስ ጋ ነው፣ ወደ ውስጥ ከሸሸ ተገላብጧል ማለት ነው። የተገላበጠ ስፒከር መጮሁን ይጮሃል፤ ሰው መሃል ላይ ሲናገር ግን ድምፁ ባዶ ይሆናል። ይሄን ያህል ነገር በአንድ ድንጋይ ማወቅ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዳንቴል ደግሞ ሌላው ጣጣችን ነበር። የአገራችን ሴት ቴሌቪዥን ራቁቱን ማየት አትወድም። እኔም አልወድም፣ ቤቴ ያለውን ሁሉ ያለበስኩ ነኝ። አምፕሊፋየር ግን የሚተነፍሰው በጀርባውና በአናቱ ነው፣ ሲለብስ ይታፈናል፣ ሲታፈን ይቃጠላል። እኔ ብሆን «አንሺው» ብዬ ተጣልቼ እወጣለሁ። ጋሽ ከድር ግን ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ያነሱና ለብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል። «ይሄን የመሰለ የእጅ ሥራ ከላይ ሆኖ አቧራ ይጠጣ? ከሥር ይነጠፍ እንጂ፣ እንግዳ ሲገባ ዳሩ ወርዶ እንዲታይ» ይላሉ። ሴትየዋ ራሷ ታነጥፈዋለች። በዚህ ዘዴ ስንት አምፕሊፋየር እንዳተረፉ እሳቸውና አላህ ናቸው የሚያውቁት።

ትልቁ ሕጋቸው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ገጥመን ስንጨርስ ዜና ይከፍቱና ድምፁን መጠነኛ ያደርጉታል። ከዚያ የቤቱን ሰው «ይሰማል?» ብለው አይጠይቁም። «አሁን ምን አለ?» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሰው ይሰማል ወይ ሲባል የገጠመውን ሰው ላለማሳፈር ይሰማል እንደሚል ነገሩኝ። ምን አለ ሲባል ግን የሰማውን ከመናገር ውጪ መውጫ የለውም።

እትዬ ብዙነሽ ቤት የገባሁት ሙያውን ከቻልኩ በኋላ፣ ብቻዬን መውጣት ከጀመርኩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። እትዬ ብዙነሽ አቃቂ፣ ከሐዲዱ ወዲህ ባለው ሰፈር የሚኖሩ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ዳዊት የሚባለው ልጃቸው፣ በያጅ ነው፣ አብሯቸው ይኖራል። ታላቅ እህቱ መሠረት አግብታ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለችው።

ዳዊት ሱቁ መጥቶ ጉዳዩን ያጫወተኝ ዕቃውን እየመረጠ ነው። ማታ ማታ እናትና ልጅ አብረው በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ያያሉ። ታዲያ እናቱ የሚሉት ሁሉ ከድራማው ጋር አልገናኝ አለ። አንዷ ሴትዮ በውርስ ተክዳ ስታለቅስ እትዬ ብዙነሽ «ምስኪን፣ ወጡ አረረባት» ይላሉ። በፊት ቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር። እየቆየ ግን ከኋላቸው ሲጠሯቸው ዝም ማለት፣ ስልክ ሲያነሱ ያልተጠየቁትን መመለስ መጣ። መሠረት እናቴ መዘንጋት ጀምራለች ብላ ቆረጠች። ቤቱ ይከራይ፣ እማዬ እኔ ጋ ትግባ አለች። ክፋት የለባትም፣ ብቻዋን ሆና እሳት ላይ ብትወድቅስ ብላ ነው። እትዬ ብዙነሽ ግን ያንን ቤት ከባላቸው ጋር ጭቃ ረግጠው የሠሩት ነው። ዕድራቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ በአጥር ቡናና እሳት የሚቀባበሏት ጎረቤታቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው ብለው ለዳዊት ነግረውታል። እሱም መሃል ላይ ተይዞ፣ ምናልባት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይጠራ ይሆናል ብሎ ተስፋውን ሁሉ በዚህ ዕቃ ላይ ጣለ። «ድምፁ ጥርት ካለላት ትመለሳለች» አለኝ።

አሳምሬ ገጠምኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ተሳስቶ ከጎኑ ካለው ይሰካውና ምስል መጥቶ ድምፅ ይቀራል። እሱን በቦታው ሰካሁ፣ የዲሹን ሳጥን አገናኘሁ፣ ሰው ሲናገር ድምፁ የሚወጣበትን የመሃሉን ስፒከር ልክ በእትዬ ብዙነሽ ወንበር ትይዩ አደረግኩ። ዳንቴሉም በጋሽ ከድር ዘዴ ከሥር ተነጠፈ። መጨረሻ ላይ ግን «ምን አለ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መሠረት ደግሞ መዘንጋት ጀመሩ ብላለች፤ እንደ ተማሪ አቁሜ ማስደገም ነውር መሰለኝ። «እትዬ ብዙነሽ፣ ደህና ይሰማል?» ነው ያልኩት። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «በጣም ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ዳዊት ደወለ፤ ለውጥ የለም። ሄድኩና የመሃሉን ስፒከር ድምፅ ከሌሎቹ ለይቼ ከፍ አደረግኩት። ደግሞ ደወለ። ሄጄ ገመድ ቀየርኩ፣ ሽቦውን ሁሉ በድንጋይ ፈተሽኩ፣ ምስሉና ድምፁ እኩል እንዲደርሱ አስተካከልኩ። በየጊዜው እትዬ ብዙነሽ «በጣም ጥሩ ነው» ይሉኛል፤ በየጊዜው ማታ ድራማው ሲከፈት ወጡ ያርራል። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ መሠረትም መጥታ ነበር። ለሁለቱም እውነቱን ነገርኳቸው። «ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ምንም የለበትም» አልኳቸው። መሠረት ወንድሟን አየችውና «እንግዲያው ያው ያልነው ነው» አለች። ወዲያው ዕቃ የሚጭን መኪና የፊታችን ማክሰኞ እንዲመጣ ተነጋገሩ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ዕቃውን ጤነኛ ስል እናትየውን በሽተኛ ብዬ ፈርጄ መውጣቴ ነው። በሥራ ዘመኔ ያቃተኝ ዕቃ ሞልቷል፤ እንደዚያ ያቃጠለኝ ግን የለም፤ ምክንያቱም ዕቃው ሠርቷል።

ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። ያኔ አርጅተው ሱቁን ለልጃቸው ለቀው ነበር፤ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እናትየውን ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?» አሉኝ።

«ደህና ይሰማል ወይ ብዬ።»

የያዙትን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡት። «ሰናይት፣ ደህና ነው ወይ ተብሎ ደህና አይደለም የሚል ሐበሻ የት አየሽ?»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከመጀመሪያው ፍቺና እንደ አዲስ ግጠሚው አሉኝ፤ ሴትየዋንም አጠገብሽ አስቀምጪ፣ ጠይቂያቸው፣ አትፈሪ፣ ያልጠየቅሽው ትልቅ ሰው ነው የተናቀው አሉኝ። ይሄ ቃላቸው እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ።

እሁድ ሰባት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ መሠረት ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነው፣ ዳዊት ቁም ሳጥን ይፈታል። እትዬ ብዙነሽ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚጫነውን ዕቃቸውን ያያሉ። ሰላም ብዬ አምፕሊፋየሩን ወደ ፊት ሳብኩት፤ ሁሉንም ገመድ ነቅዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የዲሹን ሳጥን ለጊዜው በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሰካሁት ምስሉ አለ፣ የቀን ዜና ጀምሯል። አንዱን ገመድ እንደያዝኩ የጋሽ ከድር ነገር ታወሰኝና፣ እንዳልረሳው ብዬ ይሁን ወይ ከጭንቀቴ እንጃ፣ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ አሁን ምን አለ?»

ወደ ዜና አንባቢው እያዩ ቆዩና «ዘይት የጫኑ መኪናዎች ከጅቡቲ ተነስተው መጡ ነው የሚለው» አሉ። ወዲያው ምስሉ ተለወጠ፤ ረዥም የቦቴ መኪና ሰልፍ ታየ።

እጄን አየሁት። የድምፁ ገመድ እጄ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ የራሱን ስፒከር እንዲዘጋ ያደረግኩት መጀመሪያ ስገጥም ራሴ ነኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከመሠረት ጋዜጣ በቀር ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ዳዊት መፍቻውን እንደያዘ ቆሟል፤ እሱም ገብቶታል። መጣና እናቱ ፊት በርከክ ብሎ ድምፁን ሳያወጣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። እትዬ ብዙነሽ «በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ብለው መለሱለት። መሠረት ይሄን ስታይ ከወንበሩ ኋላ ዞረችና «እማዬ!» ብላ ጮኸች። እኔ ደነገጥኩ፣ ውጭ ያለው ውሻ ደነገጠ። እናቷ ዞር አላሉም።

የሁላችንን ፊት አይተው «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ። ፊታቸው ተንበርክኬ ገመዱን አሳየኋቸውና ድምፁ ተዘግቶ እንደነበር ነገርኳቸው። ገመዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ መናገር ጀመሩ። በሽመናው አዳራሽ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ሰው ጆሮው ሥር ቢጮኽበት እንኳ አያሰማም፤ ሴቶቹ ከማሽን ማሽን የሚያወሩት በከንፈር ነው። ሐሜቱም፣ ሰርጉም፣ ለቅሶውም የሚነገረው በከንፈር ነው። ጆሮአቸው መሄድ ሲጀምር ለማንም አልተናገሩም፤ ምክንያቱም ጆሮው የደከመ ሰው ከማሽኑ ተነስቶ ወለል ጠራጊ ይሆናል፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት ልጅ ያለ አባት ያሳድጋሉ። ጡረታ ሲወጡም ልማድ ሆኖ ቀረ። ደንቆሮ ከመባል ዝም ብሎ ፊት ማየት ተሻላቸው። ዘንግታለች መባል ደግሞ ከደንቆሮ የሚከፋ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው።

«ዜናው ይገባኛል። እናንተ ስታወሩም ይገባኛል» አሉ። «እነዚያ የድራማው ሰዎች ግን ከንፈራቸው አይያዝም። ዝም ከምል ብዬ የመሰለኝን እናገራለሁ።»

ዳዊት ሰዎቹ የሚናገሩት በራሳቸው አገር ቋንቋ እንደሆነ፣ አማርኛው ከላይ የተጫነ መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳቸው። እትዬ ብዙነሽ ተናደዱ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አትነግሩኝም? ስንት ማታ ተቃጥዬ!» አሉ። ሳቅ አመለጠን፤ መሠረት ግን አልሳቀችም። እናቷ ያዩዋታል። «ማክሰኞ መኪና እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ግቢ ውስጥ ስትመካከሩ በመስኮት አይቻችኋለሁ» አሏት። «ጠይቃችሁኝ ቢሆን አልሄድም እላችሁ ነበር።» መሠረት የጠቀለለችውን ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች፤ ይቅርታዋን ከጉልበታቸው ጋር ነው ያወራችው፤ ስለዚህ አንድም ቃል አልደረሳቸውም። አገጯን ይዘው ፊቷን ቀና አደረጉትና «አሁን በይ» አሏት።

መኪናው አልመጣም። እትዬ ብዙነሽ ዛሬም እዚያው ቤት ናቸው፤ ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ጆሮአቸው ላይ የሚደረግ መሣሪያ ታዞላቸዋል፤ አሳክኮኛል እያሉ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ጋሽ ከድር አሁን አገራቸው፣ ወራቤ ገብተዋል፤ በየበዓሉ እደውላለሁ። ያን ቀን የሆነውን ስነግራቸው ሳቁና ገመዱን ነቅሎ መጠየቅ እኔም አስቤው አላውቅም አሉኝ። አላስተማሩኝም ብዬ እንዳልፎክር ግን ወዲያው ጨመሩበት፤ መጠየቁን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አሉ። እውነት ነው። በልቼ ያደርኩበትን እንጀራም፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የቆምኩበትን ሙያም ከእሳቸው ነው ያገኘሁት። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ያን እሁድ ግን ገና አልጨረስኩትም። ልጆቹ ዕቃውን ከካርቶን እየመለሱ ሳለ አምፕሊፋየሩ ግንባር ላይ ያለው የማይክ ቀዳዳ ዓይኔን ያዘው። ማይኩ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ጭራሽ ጆሮ የለም ማለትና የደከመ ጆሮ አለ ማለት ይለያያል ብዬ አሰብኩ። አራቱን ስፒከሮችና ቤዙን ዘጋሁ። የመሃሉን ስፒከር ከቡፌው አውርጄ እትዬ ብዙነሽ ትከሻ አጠገብ፣ የወንበራቸው መደገፊያ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁን ከመቼውም በላይ ከፍ አደረግኩ። ማይክ እንዲህ ካለ ስፒከር ጋ ከተቀራረበ የራሱን ድምፅ መልሶ ይውጥና ቤት እስኪነቀል ይጮሃል። ስለዚህ ዳዊትን ማይኩን አስይዤ መኝታ ቤት አስገባሁት፤ ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፌ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ሆኖ ከንፈሩ አይታይም። ቀስ ብለህ ተናገር አልኩት።

ከዚያ ስፒከሩ ውስጥ ትንፋሹ መጣ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። የትም አትሄጂም።»

እትዬ ብዙነሽ ክው አሉ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ስፒከሩን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አሉኝ።

መሠረት ፊታቸው ቆማ አፏን ገልጣ «ዳዊት ነው፣ እማዬ» አለቻቸው።

«አይደለም» አሉ። «የዳዊት ድምፅ ቀጭን ነው። የልጅ ድምፅ ነው።»

ዳዊት ሠላሳውን ያለፈ፣ ጢሙን የሚላጭ ሰው ነው። ድምፁ የጎረነነው እሳቸው ጆሮአቸውን ደብቀው ማሽኑ ላይ በቆሙበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከንፈሩን እያዩ፣ መጨረሻ የሰሙትን የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሲሰጡት ኖረዋል።

በሩ ስለተዘጋ ዳዊት ይሄን አላየም፣ አልሰማም። የሰሙት ስላልመሰለው ያንኑ ደገመው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። የትም አትሄጂም።»

እትዬ ብዙነሽ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ ጫኑ። ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ «ጎርምሷል» አሉ። «ልጄ ጎርምሷል እኮ።» ከዚያ ወደ ተዘጋው በር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። «ዳዊት! ድገመው!»

ዳዊት አልደገመውም። በሩን በርግዶ ማይኩን እንደያዘ እየሮጠ ወጣና እናቱ ላይ ተጠመጠመ። አምፕሊፋየሩ ቤቱን የሚነቅል ጩኸት ጮኸ። ማንም ዝጊው አላለኝም፤ እኔም አልተነሳሁም።